የስልክ ሰባኪዎች፣ ወንድ ተማሪዎችና ብቻውን የቀረ መምህር

ከ2022 ማብቂያ ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ ሴቶች ስለ ወንድ ተማሪዎቻቸው አንድ ዓይነት አቤቱታ ያሰሙ ጀመር። ልጆቹ ሴት ከወንድ ታንሳለች የሚል ንግግር ክፍል ውስጥ በድፍረት ይናገራሉ፤ ሴት መምህርን ለማሸማቀቅ ወሲብ ነክ አስተያየት ይሰነዝራሉ፤ የሚሉትንም ከአንድ ሰው አፍ የቀዱት ይመስላል። ያ ሰው የቀድሞው የኪክ ቦክስ ተፋላሚ አንድሩ ቴት ነው። በነሐሴ 2022 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አገዱት፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሩማንያ ውስጥ ተያዘ፤ በኋላም በሰው ማዘዋወርና በአስገድዶ መድፈር ተከሰሰ፤ ክሱን አይቀበልም። ቢታገድም ተከታዮቹ ቪዲዮዎቹን እየቆራረጡ ማሰራጨታቸውን አላቆሙም። የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ስቴፋኒ ዌስኮትና ስቲቨን ሮበርትስ ከባልደረባቸው ጋር 30 አውስትራሊያውያን ሴት መምህራንን አነጋግረው በ2023 ያወጡት ጥናት ይህንኑ አቤቱታ በዝርዝር መዝግቦታል። በእንግሊዝም የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 200 መምህራንን ጠይቀው በ2025 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከሁለተኛ ደረጃ መምህራን 76 በመቶው፣ ከአንደኛ ደረጃዎቹም 60 በመቶው ሴት ጠል ይዘት በተማሪዎች ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ እጅግ እንደሚያሳስባቸው ተናግረዋል።

ስለ ጉዳዩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ጽሑፍ የሚያተኩረው ልጆቹ ምን እንደሚያዩና ማን እንደሚያሳያቸው ላይ ነው። እኔ ግን ጥያቄውን ከመምህሩ ወገን ሆኜ ማየት እፈልጋለሁ፦ ነገ ጠዋት ክፍል የሚገባውን ሰው የሚረዳው ምንድን ነው? ማስረጃዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ስመለከት አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየኛል። መምህሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ከኋላው የቆመ ትምህርት ቤት ነው፤ ሥልጠናውም፣ የመከራከሪያ ነጥቡም፣ የተዘጋጀው የትምህርት ሰነድም የሚሠራው ያ ሲኖር ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ግን መምህሩ መሣሪያ ተሰጠው ተብሎ ብቻውን ይቀራል።

የእነ ቴት ስብከት ወደ ልጁ የሚደርስበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። ወንድ ልጅ ሴትን መጥላት ልማር ብሎ ስልኩን አይከፍትም። የሚፈልገው ሰውነት የሚያፈረጥም ስፖርት፣ ገንዘብ የሚገኝበት ዘዴ፣ የጌም ቪዲዮ፣ የሚያስቅ ነገር ነው፤ አንዳንዴም ብቸኝነቱን የሚያስረሳው ድምፅ። ሰባኪዎቹ እዚያው ይጠብቁታል። በማለዳ ተነሥ፣ ሰውነትህን አጠንክር፣ ራስህን አክብር የሚለው ምክራቸው እውነት ስላለበት ልጁ ይቀበለዋል፤ ከምክሩ ጋር ግን ለውድቀትህ ተጠያቂዋ ሴት ናት፣ ፍቅር ማለት ንግድ ነው፣ ሴት የምትከበረው ስትታዘዝ ነው የሚለውም አብሮ ይገባል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና የኬንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 ባወጡት ጥናት፣ የወጣት ወንዶችን ዝንባሌ አስመስለው በከፈቷቸው የቲክቶክ አካውንቶች ላይ ከሚቀርቡት ቪዲዮዎች ሴት ጠል የሆኑት በ5 ቀናት ውስጥ ከ13 በመቶ ወደ 56 በመቶ አሻቀቡ። በዚያው ዓመት የደብሊን ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቲክቶክና በዩቲዩብ ሾርትስ ላይ 10 የሙከራ አካውንቶች ከፍተው ነበር። የወንድ ሆነው የተመዘገቡት ሁሉ፣ ፈለጉትም አልፈለጉትም፣ በ23 ደቂቃ ውስጥ ይህ ዓይነቱ ይዘት ደረሳቸው። ቲክቶክ የለንደኑ ጥናት የሰዎችን እውነተኛ አጠቃቀም አያሳይም ሲል ተቃውሟል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው፤ ተመራማሪ የከፈተው አካውንት ጓደኛ የለውም፣ አይሰለችም፣ እናቱ ስትጠራው ስልኩን አያስቀምጥም። ጥናቶቹ የሚያሳዩት ልጁ ምን እንዳመነ ሳይሆን ምን እንደሚቀርብለት ነው። ለመምህሩ ግን ይህም ትልቅ ነገር ነው፤ ክፍል ውስጥ እንዲህ የሚናገረው ልጅ ክፉ ሆኖ የተወለደ ወይም ቤቱ የተበላሸ አለመሆኑን፣ ማንም የዕድሜ እኩያው ሊደርሰው የሚችል ነገር ደርሶት እንደሆነ ያስረዳዋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ስልኩን ብቻ ስንከስስ ትምህርት ቤቱ ከውጭ የተወረረ ንጹሕ ቦታ ይመስላል። የእንግሊዝ መዛግብት እንዲህ አይሉም። ብዙ ሰው ስለ ቴት ባልሰማበት በ2010 በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 18 ከሆኑ ሴት ልጆች 29 በመቶው ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ፈቃዳቸው በወሲባዊ መንገድ መነካታቸውን ተናግረዋል፤ የፓርላማው የሴቶችና የእኩልነት ኮሚቴ በ2016 መንግሥትን በዚሁ ቁጥር ጠይቋል። በ2017 ብሔራዊው የትምህርት ባለሙያዎች ማኅበርና ዩኬ ፌሚኒስታ ባወጡት ጥናት ከሁለተኛ ደረጃ መምህራን 64 በመቶው ቢያንስ በሳምንት አንዴ ሴትን የሚያንቋሽሽ ንግግር በትምህርት ቤታቸው እንደሚሰሙ ገልጸዋል። ከመምህራኑ 27 በመቶው እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥማቸው ለማስቆም በራሳቸው አይተማመኑም ነበር። ከተተነኮሱት ተማሪዎች ለመምህር የተናገሩት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2021 የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ የሆነው ኦፍስቴድ 32 ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆችን ጎብኝቶ ከ900 በላይ ልጆችን ሲያነጋግር፣ 92 በመቶ የሚሆኑት ሴት ልጆች ጾታን መሠረት ያደረገ ስድብ በእነርሱ ወይም በእኩዮቻቸው ላይ ብዙ ጊዜ ወይም አልፎ አልፎ እንደሚደርስ ነገሩት። ልጆቹ ለአዋቂ መንገር ጥቅሙ አልታያቸውም፤ አዋቂዎቹም የችግሩን ስፋት አሳንሰው ይገምቱ ነበር። እንግዲህ ስልኩ ያመጣው አዲስ ነገር አለ፤ ንቀቱን በሥርዓት አደራጅቶ፣ ስምና ክብር ሰጥቶ ያቀርበዋል። የበቀለበት መሬት ግን ቀድሞ የነበረና ትምህርት ቤቱ ራሱ ሳያርም የተወው ነው።

ነገሩ ተጋንኗል የሚሉም አሉ፤ ክርክራቸው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ በ2024 ይፋ ባደረገው ጥናት ቴትን ከሚያውቁ ከ16 እስከ 29 ዓመት ወንዶች በበጎ የሚያዩት አንድ አምስተኛ ያህል ናቸው፤ አራት አምስተኛው አያደንቁትም ማለት ነው። ኦፍኮም የተባለው የመገናኛ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በ2025 ያስጠናው ምርምርም እንዲህ ያለውን ይዘት የሚከታተሉ ወንዶች እጅግ የተለያዩ እንደሆኑ፣ ብዙዎቹም የሚሰሙትን እያበጠሩ እንደሚወስዱ አመልክቷል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን 30 ተማሪ ባለበት ክፍል ድባቡን ለመለወጥ አብላጫ ድምፅ አያስፈልግም፤ ሁለት ወይም ሦስት ደፋሮች ይበቃሉ። ቀሪዎቹ ወንዶች ይስቃሉ ወይም ዝም ይላሉ፤ እያንዳንዱም የጎረቤቱን ሳቅ እንደ ስምምነት ይቆጥረዋል። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዴቦራ ፕሬንቲስና ዴል ሚለር በ1993 ስለ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመጠጥ ልማድ ባሳተሙት የታወቀ ጥናት ብዙ ተማሪ ልማዱ በውስጡ ባይመቸውም፣ ሌሎቹን ከእርሱ ይልቅ የሚመቻቸው ይመስለው ነበር። በክፍል ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ስለዚህ አብዛኛው ልጅ አላመነበትም የሚለው ግኝት መምህሩ የሚያርፍበት ምክንያት አይሆንም፤ ለሥራው የሚያገለግል ትልቅ ሀብት ግን ነው። ዝም ያለው ብዙኃን ከጎኑ ነው፤ የጎደለው ብዙ መሆኑን ማወቁ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔዎቹ እንምጣ። ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ የሚያስቡት ተማሪውን በሙሉ አዳራሽ ሰብስቦ እንግዳ ተናጋሪ ማቅረብን ወይም ፊልም ማሳየትን ነው። በመጋቢት 2025 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው «አዶለሰንስ» የተባለው ባለ አራት ክፍል ድራማ፣ አብራው የምትማርን ልጅ በመግደል የተጠረጠረ የ13 ዓመት ልጅ ታሪክ፣ ብሪታንያን አስደነገጠ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር ከአዘጋጆቹ ጋር ተገናኙ፤ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም በነፃ እንዲታይ ሆነ። ድራማው ለወላጆች ዓይን ገላጭ እንደነበር አልጠራጠርም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ታይቶ የሚያልፍ ነገር የልጆችን ጠባይ ይለውጣል ብሎ ለማመን ማስረጃ የለም፤ ከዚያ ረዘም ያለ ትምህርት እንኳ ውጤቱ አስተማማኝ አይደለም። በሌላ ርእስ ላይ ቢሆንም ትምህርት የሚሰጥ ምሳሌ አለ፦ በ2022 ውጤቱ የታወቀው የብሪታንያ ታላቅ ሙከራ ከ8 ሺህ በላይ ተማሪዎችን አሳትፎ፣ ከፊሎቹን በመምህሮቻቸው አማካይነት አእምሮን የማረጋጋት ትምህርት አስተምሮ፣ ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ጥቅም ሳያገኝበት ቀርቷል። መልካም ሐሳብ፣ የሠለጠነ መምህርና የተዘጋጀ ሰነድ ሁሉ ተሟልተው ነበር። ቴትን ነጥብ በነጥብ ለመርታት የሚደረገው የክፍል ክርክርም ሌላ ወጥመድ አለው። መምህሩ የሰውየውን ንግግር እየደገመ የ40 ደቂቃ ጊዜ ይሰጠዋል፤ እዚያው የተቀመጡት ሴት ልጆችም ሰው መሆናቸው ለክርክር የቀረበ ርእስ ሆኖ ሲታይ ይሰማሉ። ልጁ ደግሞ አዋቂዎች ይህን ይጠሉታል ተብሎ አስቀድሞ ተነግሮታል፤ የመምህሩ ተቃውሞ የትንቢቱ ፍጻሜ ይሆንለታል።

በጥብቅ ሙከራ ከተፈተኑት መካከል ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ በ30 የመንግሥት መለስተኛ ትምህርት ቤቶች የተካሄደው ነው፤ «የወሰን ሽግሽግ» ሊባል በሚችል ስም ይታወቃል። ብሩስ ቴይለር፣ ናን ስታይንና ባልደረቦቻቸው የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ተማሪዎችን በየትምህርት ቤታቸው በዕጣ በአራት መደቧቸው፦ አንደኛው ቡድን የክፍል ትምህርት ብቻ ተሰጠው፤ ሁለተኛው ትምህርት ሳይሰጠው የትምህርት ቤቱ አሠራር ተለወጠ፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ፤ አራተኛው ምንም አልተደረገለትም። የአሠራር ለውጡ ውድ ወይም ረቂቅ አልነበረም። ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸውን ካርታ ተሰጥቷቸው የማይመቻቸውንና የሚፈሩትን ቦታ እንዲያመለክቱ ተደረገ፤ ኮሪደሩ፣ ደረጃው ሥር፣ መጸዳጃ ቤቱ አካባቢ ከታወቀ በኋላ አዋቂዎች እዚያ መታየት ጀመሩ። ተተንኳሿ ከተንኳሹ የምትጠበቅበት የጽሑፍ ውል ተዘጋጀ። ማንን ማነጋገር እንደሚቻል የሚናገሩ ፖስተሮች ተለጠፉ። ውጤቱ ሲለካ የአሠራር ለውጡ ብቻውንም ሆነ ከትምህርቱ ጋር ተጣምሮ ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን ቀነሰ፤ የክፍል ትምህርቱ ብቻውን ግን አልቀነሰም። ተማሪዎቹ ከሁለተኛ ደረጃ በዕድሜ ያነሱ ናቸው፤ ጊዜውም ቲክቶክ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ይህን እያሰብኩም ግኝቱን ቀላል አድርጌ ማየት አልችልም። ልጅ የሚማረው ከሚነገረው ይልቅ ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚያሳልፍና ምን እንደማያሳልፍ አይቶ ነው። በትምህርቱ ሰዓት ስለ አክብሮት ሰምቶ በዕረፍት ሰዓት ጓደኛው ሴት ልጅ ሲጎትት ማንም ምንም ካላለ፣ የትኛው ትምህርት እውነተኛ እንደሆነ ያውቃል።

ሁለተኛው ጠንካራ ማስረጃ ማን ይናገር ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ኤሊዛቤት ሚለርና ባልደረቦቿ በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ አካባቢ በ16 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የስፖርት አሠልጣኞችን አዘጋጁ። አሠልጣኙ በወቅቱ የልምምድ ጊዜ ውስጥ በሳምንት አንድ ቀን ለ15 ደቂቃ ያህል ከልጆቹ ጋር ሴቶችን ስለ ማክበር፣ ስለ ስድብ፣ ጓደኛ ሲያጠፋ ምን ማድረግ እንደሚገባ ይነጋገራል። ከ2 ሺህ በላይ ስፖርተኞች የተሳተፉበት ይህ ጥናት በ2012 ሲወጣ ልጆቹ የጓደኞቻቸውን ጥፋት የማስቆም ፍላጎታቸውና ድርጊታቸው ጨምሮ ተገኘ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ደግሞ በፍቅር ጓደኛቸው ላይ የሚያደርሱት በደል ሙከራው ካልተደረገባቸው ልጆች ያነሰ ነበር። አሠልጣኙ የሥርዓተ ጾታ ምሁር አይደለም። ያለው ሀብት ልጁ ቀድሞ የሚያከብረው መሆኑና ጉዳዩን ደጋግሞ ማንሣቱ ነው። ስልክ ውስጥ ያለው ሰባኪም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው፤ በየቀኑ ይመጣል፣ ጠንካራ መስሎ ይታያል፣ ለልጁ ያሰበ ይመስላል። በዓመት አንድ ጊዜ ከሚመጣ እንግዳ ተናጋሪ ይልቅ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚገኝ አሠልጣኝ ሊወዳደረው የሚችለው ለዚህ ነው።

ይህን ለማየት ሳክራሜንቶ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ ሕይወት ኢትዮጵያ ከፖፑሌሽን ካውንስልና ከኢንጀንደርሄልዝ ጋር በሦስት ክፍለ ከተሞች በወጣት ወንዶች መካከል ያካሄደው ሥራ በ2015 በአሜሪካ የኅብረተሰብ ጤና መጽሔት ታትሟል። በአንዱ አካባቢ የቡድን ውይይትና የማኅበረሰብ ቅስቀሳ ተጣምረው ተሰጡ፤ በሌላው ቅስቀሳው ብቻ፤ ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ቀረ። ሥራው በተካሄደባቸው አካባቢዎች ወጣቶቹ ስለ ወንድና ሴት እኩልነት ያላቸው አመለካከት ተሻሻለ፤ በፍቅር ጓደኛቸው ላይ ጥቃት ማድረሳቸውን የሚናገሩትም ቀነሱ። በማነጻጸሪያው አካባቢ ይህ ለውጥ አልታየም። ጥናቱ የተመሠረተው ወጣቶቹ ስለ ራሳቸው በተናገሩት ላይ ነው፤ ምደባውም በዕጣ አልነበረም፤ ስለዚህ ከኒውዮርኩ ጋር እኩል ክብደት አልሰጠውም። ቢሆንም ሐሳቡ ከውጭ የመጣ ነው፣ እኛ ዘንድ አይሠራም ለሚሉ ሰዎች በቂ መልስ ይመስለኛል። ጉዳዩ እኛንም የሚመለከትበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሴንተር ፎር ኢንፎርሜሽን ሬዚሊየንስ የተባለው ድርጅት በ2024 ባወጣቸው ጥናቶች በኢትዮጵያ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ጭምር በሴቶች ላይ የሚሰነዘረውን ስድብና ዛቻ፣ በአደባባይ የሚናገሩ ሴቶችም በዚህ የተነሣ ዝም ለማለት እንደሚገደዱ ዘግቧል። ያንን ስድብ የሚያነብበው የ15 ዓመት ልጅ ሰኞ ጠዋት ክፍል ይገባል። በለንደን ወይም በሜልበርን የሚያድጉት የሐበሻ ልጆች ደግሞ የእንግሊዝኛውንም የአማርኛውንም ይሰሙታል፤ ወላጆቻቸው ግን ብዙውን ጊዜ የሚከታተሉት አንዱን ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የክፍል ኃላፊ መምህር፣ የሥርዓተ ጾታ ክበብና ሚኒ ሚዲያ አሉ። ብዙ ቦታ ክበቡ የሴቶች ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ወንዶቹን የሚያነጋግር ሰው አይመደብም። የአዲስ አበባው ጥናት ግን ወጣት ወንዶችን ራሳቸውን ማሳተፍ እንደሚያዋጣ ይጠቁማል።

እስካሁን ስለ ትምህርት ቤቱ ተናገርኩ፤ መምህሩ በዚያች ቅጽበት ምን ያድርግ የሚለው ግን ይቀራል። አንድ ልጅ በትምህርት መሀል ሴትን የሚያዋርድ ቃል ሲወረውር መምህሩ የሚመልሰው ለሦስት ዓይነት ሰዎች ነው፦ ለተናገረው፣ ለሴት ልጆቹ፣ ዝም ብለው ለሚያዩት ወንዶች። ረጅም ስብከት የመጀመሪያውን ያጀግነዋል፤ ዝምታ ሁለተኛዎቹን ይተዋቸዋል፤ ማዋረድ ደግሞ ሦስተኛዎቹን ወደ ተዋረደው ጓደኛቸው ይገፋል። የሚሻለው አጭርና የተረጋጋ መልስ ነው፦ «እንዲህ ያለ ንግግር በዚህ ክፍል አይነገርም፤ ከትምህርት በኋላ ጠብቀኝ፣ እንነጋገራለን።» ከዚያ ትምህርቱ ይቀጥላል። እውነተኛው ሥራ ያለው ለብቻ በሚደረገው ንግግር ነው፤ ተመልካች የሌለው ልጅ ጀግና መሆን አያስፈልገውምና። ይህን የት ሰማኸው፣ ምኑ ልክ መሰለህ፣ ሰውየው ከዚህ ምን ያገኛል፣ እኅትህን እንዲህ ቢሏትስ የሚሉ ጥያቄዎች ከመልስ በላይ ይሠራሉ። እዚህ ላይ የሚጠይቅን ልጅና የሚያጠቃን ልጅ መለየት ግድ ነው። ወንዶች ለምን በትምህርት ወደ ኋላ ቀሩ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መልስ ይገባዋል። በመምህርቱ ላይ ወሲባዊ ድምፅ የሚያሰማ ተማሪ ግን ሐሳብ አላቀረበም፤ ትንኮሳ ፈጽሟል፤ ጉዳዩም በጽሑፍ ተመዝግቦ ወደ አመራሩ መሄድ አለበት።

በዚህ ነጥብ ላይ ነው ሴት መምህራን በብዛት የሚጎዱት። በሞናሽ ጥናት ከተሳተፉት መካከል የደረሰባቸውን ሲናገሩ የልጅ ቀልድ ተብሎ የታለፈባቸው፣ ከአመራሩ በቂ ድጋፍ ያላገኙ ነበሩ። ክፍል መቆጣጠር አቅቷት ነው የሚለው ፍርድ ስለሚያስፈራም ብዙ ሴት መምህር ነገሩን ውጣ ትቀመጣለች። እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ሴት ጠልነት የሁለት ቀን ሥልጠና መስጠት ሸክሙን በተጎጂዋ ትከሻ ላይ መጨመር ነው፤ የተሰደበችውን እንዴት ብትመልሺ ይሻል ነበር ብሎ መጠየቅ ነውና። ርእሰ መምህሩ ከልጁና ከወላጆቹ ጋር ራሱ ቢነጋገር፣ ወንድ መምህራን ሴት ባልደረባቸው በሌለችበት ጭምር ያንኑ ደንብ ቢያስከብሩ፣ ተመሳሳይ ጥፋት በሁሉም ክፍል ተመሳሳይ ምላሽ ቢያገኝ፣ ልጁ የሚያየው ከአንዲት ሴት ጋር የገጠመውን ፀብ ሳይሆን የአንድን ተቋም አቋም ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ይቀራሉ። የመጀመሪያው፣ በእውነት የተጎዱት ወንዶች ልጆች ናቸው የሚለው ነው። በእንግሊዝ ወንዶች በብሔራዊ ፈተና ከሴቶች ያነሰ ውጤት ያመጣሉ፤ ከትምህርት ቤት የሚባረሩትም በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። ሞቬምበር የተባለው የወንዶች ጤና ድርጅት በ2025 በብሪታንያ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ወጣት ወንዶችን ሲጠይቅ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስለ ወንድነት የሚሰብኩ ሰዎችን አዘውትረው እንደሚከታተሉ አግኝቷል፤ ወጣቶቹ ወደዚያ የሚሄዱት መነሣሻና ተስፋ ፈልገው ጭምር ነው። ይህን የሚክድ መምህር ልጁን ያጣዋል። ብሶቱ ሲሰማ ግን ሁለት ነገር መለየት አለበት፤ ልጁ ወደ ኋላ መቅረቱ እውነት ነው፣ ያስቀረችው አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ናት የሚለው ሐሰት ነው። ንባብ የሚደግፈው፣ ሥራ የሚያሳየው፣ ስለ ሐዘኑ የሚጠይቀው አዋቂ ያገኘ ልጅ ሰባኪው የሚሸጥለት መድኃኒት አያጓጓውም። እንዲህ ስለማስብ ወንዶችን መደገፍና ሴቶችን መጠበቅ ከአንድ በጀት የሚሻሙ ሁለት ሥራዎች አይመስሉኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይህ የወላጅ ወይም የኩባንያዎች ሥራ እንጂ የመምህር አይደለም፣ መምህር በልጅ አመለካከት ውስጥ ምን አገባው የሚል ነው። ኩባንያዎቹን በተመለከተ መንግሥታት መንቀሳቀስ ጀምረዋል፦ የብሪታንያ የኦንላይን ደኅንነት ሕግ ልጆችን የሚጠብቁ ግዴታዎች ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነዋል፤ አውስትራሊያም ከታኅሣሥ 10 ቀን 2025 አንሥቶ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በዋና ዋና የማኅበራዊ ሚዲያ መድረኮች አካውንት እንዳይኖራቸው ከልክላለች። እነዚህ ሕጎች ምንጩን ቢያጠቡት እንኳ በታላቅ ወንድም ስልክና በጓደኛ አፍ የሚመጣውን አያቆሙም። ስለ አመለካከት የተነሣው ሥጋት ቁም ነገር አለው፤ በእንግሊዝ የ1996ቱ የትምህርት ሕግ መምህራን የአንድ ወገን ፖለቲካ እንዳያራምዱ ያዛል፤ ተገቢም ነው። መምህር ተማሪውን ይህን ፓርቲ ደግፍ ወይም ስለ ቤተሰብ ኑሮ እንዲህ እመን የማለት ሥልጣን የለውም። ነገር ግን ሴት ልጅ ሳትተነኮስ የመማር መብቷ የፓርቲ አቋም አይደለም። በብሪታንያ የ2010 የእኩልነት ሕግ፣ በኢትዮጵያም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ያጸኑት ነገር ነው። ሃይማኖተኛ ወላጆችም ቢሆኑ ልጃቸው ሴትን እንዲሳደብ የሚፈልጉ ጥቂት ናቸው። መምህሩ ውይይቱን ከዚህ የጋራ መሬት ቢጀምር ከጠበቀው በላይ አጋር ያገኛል።

በሐምሌ 2025 የእንግሊዝ መንግሥት ያሻሻለው የግንኙነትና የሥነ ተዋልዶ ትምህርት መመሪያ ሴት ጠልነትንና የኢንተርኔት ላይ ገጽታውን ያካተተ ሲሆን ከመስከረም 2026 ጀምሮ ይተገበራል። በታኅሣሥ 2025 ይፋ የሆነው በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በአሥር ዓመት ውስጥ በግማሽ የመቀነስ ስትራቴጂም ለመምህራን ሥልጠና የሚሆን ገንዘብ ይዟል፤ ለትምህርት ቤቶች ሥራ የተመደበው 20 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ደስ የሚል ጅምር ነው። የምፈራው አለካኩን ነው። ስንት መምህር ሠለጠነ፣ ስንት ተማሪ ፊልሙን አየ ተብሎ ከተቆጠረ ገንዘቡ ኒውዮርክ ላይ ያልሠራውን ነገር ሊደግም ይችላል። መጠየቅ ያለባቸው ሴት ተማሪዎችና ሴት መምህራን ናቸው፦ ኮሪደሩ ላይ ተረጋግታችሁ ትሄዳላችሁ? ባለፈው ወር የሆነውን ለማን ተናገራችሁ? የተነገረው ሰው ምን አደረገ? ጠያቂዎቹ ደግሞ ለአንድ ነገር አስቀድመው ይዘጋጁ። በ2017 ለመምህር የተናገሩት 14 በመቶ ብቻ ከነበሩ፣ ሥራውን በሚገባ የጀመረ ትምህርት ቤት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የትንኮሳ ሪፖርቱ ይበዛል፤ ልጆቹ ማመን ሲጀምሩ ይናገራሉና። ያንን ቁጥር አይቶ ርእሰ መምህሩን የሚገሥጽ ወይም ትምህርት ቤቱን ከደረጃ የሚያወርድ ተቆጣጣሪ ካለ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርቱ ይቀንሳል፤ ትንኮሳው ግን ባለበት ይቀጥላል።